ሁለት ምስክሮች

«እናታችን ተኝታለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት ነው ያደረችው። ባትቀሰቅሷት ደግ ነው።»

ፍራሽ ሰፊዋ ይህን ቃል የሰማችው በጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍሏ ውስጥ ተንበርክካ የደንበኛ ፍራሽ ስትጠቀጥቅ ነበር። ተናጋሪው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ድምፁም የታማሚ ልጅ ድምፅ እንደሚሆነው ሁሉ ዝግ ያለና የተጨነቀ ነበር። እናታቸው ከሞተች ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። በዋናው ቤት ደጃፍ ላይ የቆሙት ሁለት ሰዎች ለመንደሩ ምክር ቤት ምርጫ የመራጮችን ካርድ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያድሱ ነበሩ፤ አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር፥ ሁለተኛዋ ማኅተም ይዛ የምትከተላቸው ሴት፤ ሁለቱም ከሌላ መንደር የተላኩ ናቸው። መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አይ፥ ይተኙ፤ ካርዳቸው ካለ ይበቃል» አሉ። መሳቢያ ሲሳብ ተሰማ፤ ማኅተሙ ከጠረጴዛው ጋር ሲላተም ተሰማ። ቀጥለውም «ሌላስ በቤቱ የሚኖር አለ?» ሲሉ ጠየቁ፤ ወንድሟም ሳያመነታ «እኔ፥ ባለቤቴና እናቴ። በቃ፥ ሦስት ነን» ሲል መለሰ። ረጅሙ መርፌ በጥጡ ውስጥ እንደ ተሰካ ቀረ። በእሷና በወንድሟ መካከል የነበረው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነበር።

በዚያ መንደር ቤቶች የነዋሪው አይደሉም፤ የመንደሩ ናቸው። ምክር ቤት በተመረጠ ቁጥር ኪራዩ እንደ አዲስ ይታደሳል፤ የሚታደሰውም በቤቱ ቁጥር ሥር በመራጭነት ለተመዘገቡት ሰዎች ነው። ያልተመዘገበ ሰው፥ ፀጉሩ በዚያ ቤት ውስጥ ቢሸብትም እንኳ፥ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሂድ ሲሉት ይሄዳል። ባለፈው ምርጫ የምዝገባ ሰሞን እናቷ አልጋ ይዛ ስለ ነበር ጥላት መውጣት አልሆነላትም፤ ደግሞስ በእናቱ ቤት ተቀምጦ ነገ የት አድራለሁ ብሎ የሚጨነቅ ማን አለ? የዘንድሮው ምዝገባ የሚዘጋው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። በዚያ ላይ ሰሞኑን አንድ የስፖንጅ ነጋዴ ከወንድሟ ጋር መጥቶ ክፍሏን በእርምጃ ለክቶ ሄዷል። እሷ ከጥጡ መካከል ተቀምጣ ሳለ እግሯን ተሻግሮ አለፈ፤ ጣራውን ቀና ብሎ አየና «ዝናብ አያስገባም?» ሲል ወንድሟን ጠየቀ፤ ወንድሟም «ጠብ አይልም» አለው። የእሷን ገበያ የገደለው ስፖንጅ ነው። የጥጥ ዋጋ ከዓምናው እጥፍ ሆኗል፤ አሮጌ ፍራሽ አፍታታ መልሳ ለመስፋት የምትጠይቀው ግን ያው የዓምናው ነው፤ ትንሽ ከጨመረች ሰው ትቷት ስፖንጅ ይገዛል። አሁን ደግሞ ስፖንጁ ክፍሏ ድረስ ሊመጣባት ነው።

ሰዎቹ እስኪርቁ ጠብቃ ከልብሷ ላይ የጥጥ ብናኙን አራገፈች፤ ነጠላ ጫማዋን በሌላ ጫማ ለወጠችና ወጣች። የወንድሟ ሚስት በግቢው ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሚስትየው የጨመቀችውን ሸሚዝ እንደ ገና ጨመቀችው፤ ውሃ ማንጠብጠቡን ካቆመ በኋላም ጨመቀችው። «ለምዝገባ ልሄድ ነው» አለቻት ፍራሽ ሰፊዋ። ሚስትየው ሸሚዙን ገመዱ ላይ አሰጣች፤ እጅጌዎቹን አቃናች፤ ከዚያም ጀርባዋን ሰጥታ «ምሳ ላስቀምጥልሽ?» አለች። አንድ ማዕድ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሲቀመጡ ይህን ጠይቃት አታውቅም ነበር።

ምዝገባው የሚካሄደው በመንደሩ ትምህርት ቤት፥ አንደኛ ክፍሎች በሚማሩበት ክፍል ነበር። አግዳሚዎቹ ለሕፃናት የተሠሩ በመሆናቸው ተራ የሚጠብቁት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደርሶ ተቀምጠዋል። በሰሌዳው ላይ ማንም ሳያጠፋው የቀረ የመቀነስ ሒሳብ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሒሳቡን አተኩረው ካዩ በኋላ «ዘንድሮስ አንደኛ ክፍልን ማለፌ ነው» ቢሉ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ተራዋ ሲደርስ መምህሩ ስሟንና የቤት ቁጥሯን ጠየቋት፤ ቁጥሩን እንደ ሰሙ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ጠዋት እኮ ደጃችሁ ነበርኩ። ሦስት ነን ነው ያለኝ።»

«የጓሮዋን ክፍል ረስቷት ይሆናል» አለች። ለወንድሟ ሰበብ መፈለግ ለምዶባት ነበር።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ደንቡን በዝግታ አስረዷት፦ ወይ የቤቱ ዋና ተከራይ፥ ወይ ካርድ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች ከዚህ ጠረጴዛ ፊት ቆመው፥ እጃቸውን አንሥተው፥ ሰው እየሰማ «አውቃታለሁ፤ በዚህ ቤት ትኖራለች» ማለት አለባቸው፤ አብረዋት የሚኖሩትንም አንድ በአንድ መጥራት አለባቸው። በጽሑፍ የሚመጣ ምስክርነት እዚያ መንደር ተቀባይነት የለውም፤ የሚታመነው ፊት ለፊት የተነገረ ቃል ነው። ይህን ካሉ በኋላ ሊያቃልሉላት ፈልገው ወደ እሷ ጐንበስ አሉ። «ግን ምን አስጨነቀሽ ልጄ፤ ዋና ተከራይዋ እናትሽ አይደሉም እንዴ? መነሣት ካቃታቸው እኔው እመጣለሁ። አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ‹ልጅዎ ናት? እዚህ ትኖራለች?› እላቸዋለሁ፤ አንገታቸውን ነቅነቅ ቢያደርጉ ይበቃኛል።»

ፍራሽ ሰፊዋ ያንን አልጋ በዓይነ ኅሊናዋ አየችው። ከቀብሩ ማግሥት የእናቷን ፍራሽ የፈታችው እሷ ናት፤ የጎኗ ቅርጽ ጐድጉዶ የቀረበትን ጥጥ አጥባ፥ በፀሐይ አድርቃ፥ አፍታታ ለደንበኛ ፍራሽ ጨምራዋለች፤ ቤት ውስጥ ሌላ ጥጥ አልነበረምና። አሁን ሞታለች ብትል ወንድሟ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይዋረዳል፤ ለምክር ቤቱ ዕጩ ነው፤ የእናቷ ልጅ ነው። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ቃል ግን ያሰበችው አልነበረም።

«አይድከሙ መምህር» አለች። «ተኝታለች።»

ከትምህርት ቤቱ እንደ ወጣች በቀጥታ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሄደች። ይህ ሰው በመንደሩ የሚታወቀው «ሬዲዮ» በሚል ቅጽል ነው፤ ከንጋት እስከ ምሽት ስለማይዘጋ። ስትገባ ፊቱ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ አንድ ደንበኛ ይዞ እየላጨ ነበር። «እትዬ፥ ግቢ፥ ግቢ! የወንድምሽ የምርጫ ምልክት ባልዲ ነው አሉ» አለ ምላጩን በአየር ላይ እያወዛወዘ። «ባልዲውን አየነው፤ ውሃውስ መቼ ይመጣል በይልኝ!» ደንበኛው ከአረፋው ሥር ሳቀ። ወንድሟ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ውሃ በየመንገዱ በተራ የሚለቀቅ በመሆኑ መክፈቻው በእሱ እጅ ነው፤ የየትኛው መንገድ ተራ መቼ እንደሆነም የሚያውቀው እሱ ነው። ፍራሽ ሰፊዋ የመጣችበትን ጉዳይ በአጭሩ ተናገረች። ሬዲዮ ደንበኛውን ላጭቶ እስኪጨርስ ቃል አልተነፈሰም፤ ያን ያህል ዝም ሲል ያየው ሰው የለም። ደንበኛውን ሸኝቶ በሩን ገርበብ አደረገና ምላጩን በፎጣ ይወለውል ጀመር።

«እትዬ፥ እኔ አንቺን አላውቅም አላልኩም። እጄን አንሥቼ ከማን ጋር ትኖራለች ሲሉኝ ምን ልበል? እናትሽን ብጠራ በቁሜ ዋሸሁ፤ ብተዋት ደግሞ ወንድምሽን አጋለጥሁ።»

«አንተ እኮ ቀብሯ ላይ ነበርክ።»

«ነበርኩ። ለዚያ ነዋ የፈራሁት» አለ፤ ቀና ብሎም አላያትም።

የመንትዮቹ እናት የሚሏት ጎረቤቷ ቤት ከእነሱ ቤት ሦስተኛው ነው። አንዲት ክፍል ናት፤ ከግማሽ የሚበልጠውን የያዘው አልጋው ሲሆን፥ አልጋው ላይ ያለውን ፍራሽ የሰፋችው እሷ ናት፤ መንትዮቹም የተወለዱት በዚያው ፍራሽ ላይ፥ እሷው የእናታቸውን ትከሻ ደግፋ ነው። የተረፈውን ቦታ የውሃ በርሜሎች ሞልተውታል። የመንትዮቹ እናት የምትለውን ሁሉ ቆማ ሰማች፤ በመካከሉም የአንዱን በርሜል ክዳን ከፍታ ወደ ውስጥ ተመለከተችና መልሳ ከደነችው። «ባለፈው ከወንድምሽ ጋር አንዲት ቃል ተነጋገርን» አለች በመጨረሻ። «አንዲት ቃል ብቻ። የኛ መንገድ ተራ ሲደርስ መስመሩ ተበላሽቷል ተባለ፤ ከታች መንደር በጀሪካን እየተሸከምኩ ከረምኩ። እኔ ብሆን ግድ የለኝም፤ እነዚህ ልጆችስ?» ፍራሽ ሰፊዋ ወደ በሩ መለስ አለች። ሴትዮዋም እጇን ያዘቻትና «ካስወጣሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ። እህቴ አይደለሽ? የትም አትወድቂም» አለች። የሁለቱም ዓይን ሳያስቡት ክፍሉን ዞረ፤ ከአልጋውና ከበርሜሎቹ መካከል አንድ ሰው ሊጋደምበት የሚችል ቦታ አልነበረም። የመንትዮቹ እናት እጇን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

በሌሎችም በሮች ቆማለች። አንደኛው ቤት የሉም ተባለ፤ የሌሉት ሰው ሳል ግን ከጓዳ ይሰማ ነበር። ሌላው ቤት ደግሞ ያለ ወትሮው ቁጭ በይ፥ ጠጪ፥ አረፍ በይ እያሉ ሰዓቱን ሊያሳልፉባት ፈለጉ። ፀሐይ ከአናት ስታዘነብል ሌላ ደጅ ስላልቀራት ወደ ወንድሟ ሄደች።

ወንድሟ በመስመሩ መነሻ በተሠራችው የሲሚንቶ ቤት ውስጥ፥ ከትልቁ መክፈቻ ጐን ባለች ዱካ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከግድግዳው ላይ የራሱ ፎቶግራፍና የባልዲ ሥዕል ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ስትገባ አየት አድርጓት ዓይኑን ወደ ቧንቧዎቹ መለሰ። በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ይሰማ ነበር። እህትና ወንድሙ በሕይወታቸው ተጣልተው አያውቁም፤ ለመጣላት የሚበቃ ንግግር አድርገው አያውቁም።

«ወንድም ጋሼ» አለች። «እማዬን ለምን ተኝታለች አልካቸው?»

«ባለፈው በአንድ ድምፅ ነው የወደቅሁት» አለ። «አንድ ድምፅ። ያን ቀን ማታ እማዬ ምን ያህል እንዳለቀሰች አንቺ ታውቂያለሽ። ብትኖር ለማን ትመርጥ ነበር? ለእኔ። እና ምኑ ላይ ነው ኃጢአቱ?» ከደረት ኪሱ የእናታቸውን ካርድ አወጣ፤ የጠዋቱ ማኅተም ነበረበት። «ውሰጂው። በምርጫው ዕለት ሻሽሽን ዝቅ አድርገሽ ትሄጃለሽ። መልካችሁ አንድ ነው፤ ማን ይለያችኋል?»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

«እኔ ራሴ እንድመዘገብ አንዲት ቃል ብትልልኝ ነው። ሬዲዮም የመንትዮቹ እናትም አንተን ፈርተው ነው እንጂ እምቢ አይሉኝም። አይዟችሁ በላቸው። ድምፁንም ለአንተ እሰጥሃለሁ፤ ለሌላ ለማን እሰጣለሁ?»

ካርዱን ወደ ኪሱ መልሶ ተነሣና መክፈቻውን በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት አዞረው፤ የውሃው ድምፅ ቀነሰ። «ክፍሏ ለነጋዴው ተሰጥታለች» አለ። «የምርጫውን ወጪ የሸፈነው እሱ ነው። እንዲህ በቀላሉ የሚመለስ ነገር አይደለም። አንቺ ሳሎን ትተኛለሽ፤ ማን ውጪ አለሽ? ጥጥሽን ግን ሳሎን አላስገባም። ሰው ይመጣል፤ እንግዳ ይመጣል። ሥራውንስ ቢሆን እስከ መቼ? አርጅተሻል እኮ።»

«ከሥራዬ ወጥቼ ምን ልሆን?»

ካርዱን እንደ ገና አውጥቶ ዘረጋላት። እጁ ለጥቂት ጊዜ በመካከላቸው ቆየ። አልተቀበለችውም። ከደጁ ስትወጣ «ዛሬ ሲዘጋ ዕጩዎች መገኘት አለብን፤ እዚያ መጥተሽ እንዳታሳፍሪኝ» የሚል ድምፁን ከኋላዋ ሰማች። ቃሉ የልመና ይሁን የማስፈራራት አልለየላትም።

ወደ ትምህርት ቤቱ ስትመለስ ፀሐይ በመስኮቱ በኩል ወደ ክፍሉ ገብታ ነበር። የምዝገባውን መዘጋት ለማየት ብዙ ሰው መጥቷል፤ ሬዲዮ በኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ የመንትዮቹ እናት ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ ወንድሟም ከሌሎቹ ዕጩዎች ጋር በግድግዳው በኩል ተሰልፏል። ፍራሽ ሰፊዋ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ሄደች። ያለ ምስክር እንደ መጣች መምህሩ አወቁ።

«መምህር፥ እናቴ አልተኛችም» አለች። «ሞታለች። ከሞተች ቆይታለች።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቅድም አንቺም ተኝታለች ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«እኔም ዋሽቻለሁ።»

መምህሩ ወደ ወንድሟ ዞረው «እውነት ነው?» አሉት። ሰው ሁሉ አብሯቸው ዞረ። ወንድሟ ኮፍያውን አውልቆ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣ፤ ለጥቂት ጊዜ ወለሉን አየ፤ ድምፁ ሲወጣ የተሰበረ ነበር። «እውነት ነው መምህር። አፌ ሞታለች ማለት እምቢ ብሎኝ ነው። እስከ ዛሬም አላመንኩት። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር የተኛች ነው የሚመስለኝ።» አንዲት ባልቴት ከንፈሯን ስትመጥ ተሰማች። መምህሩም ካርዷን ለምን እንዳሳደሰ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ መልሰው ገጠሙት። መዝገቡን ገልጠው ቦታውን በጣታቸው ፈለጉ፤ በማስመሪያ አድርገውም በእናትየው ስም ላይ ቀይ መስመር አሰመሩ። ለመሰረዝ የአንድ የቤተሰብ አባል ቃል ይበቃል።

«አሁን እኔን መዝግቡኝ» አለች ፍራሽ ሰፊዋ። «እሷን ስለ መሰረዝ ቃሌን ተቀበላችሁ፤ እኔን ስለ መመዝገብም ተቀበሉኝ።»

«መሰረዝና መመዝገብ ደንቡ ለየቅል ነው ልጄ» አሉ። ከዚያም ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ እንደ ድሮው የክፍል መምህር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ለዚህች ሴት የሚመሰክር ሁለት ሰው አለ?» ሲሉ ጠየቁ። ሬዲዮ ጥፍሮቹን ይመለከታል። የመንትዮቹ እናት ቀኝ እጅ ከጎኗ ትንሽ ከፍ አለ፤ የሻሿን ጫፍ ይዞ ወረደ። በክፍሉ ከነበሩት መካከል እሷ በሰፋችው ፍራሽ ላይ የማይተኛ ጥቂት ሰው ነበር። መምህሩ ጠበቁ፤ መጠበቅ ከሚገባቸው በላይ ጠበቁ፤ በመጨረሻም ወደ ወንድሟ ተመለከቱ። «አንተስ? እህትህ አይደለችም?»

«እህቴ ናት፤ የእናቴ ልጅ» አለ ወንድሟ። «ግን ዕጩ ነኝ መምህር። ዛሬ ለቤተሰቤ ብመሰክር ነገ አድልዎ ነው አትሉኝም?»

«እሱስ ልክ ነው» አለ አንድ ሰው ከወዲያ ማዶ፤ ሌሎችም አንገታቸውን ነቀነቁ።

መምህሩ ቁጭ አሉ። የመዝጊያውን ማኅተም ከመምታታቸው በፊት ግን አንድ የቀረ ነገር ነበር፤ የሞት ቃል የሰጠ ሰው ከተሰረዘው ስም ጐን መፈረም አለበት። ስሟን ጻፉ። ከስሙ ቀጥሎ አድራሻ የሚል ቦታ ነበር፤ የቤቱን ቁጥር ነገረቻቸው። ብዕራቸው ከወረቀቱ በላይ ቆመ። «ያንን እንዳልጽፍ በቁጥሩ ሥር የለሽም» አሉ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ የፈለጉ ይመስላሉ። ባዶውንም መተው አልቻሉም፤ ደንቡ አይፈቅድም። በመጨረሻ በዚያ በሚያምር የመምህር ጽሕፈታቸው «ቋሚ አድራሻ የላትም» ብለው ጻፉና መዝገቡን ወደ እሷ አዞሩት። አነበበችው። ከዚያም ጐንበስ ብላ ፈረመች። ማኅተሙ ተመታ፤ ምዝገባው ተዘጋ።

ቀና ስትል ሰዎቹ ከአግዳሚዎቹ ተነሥተው ነበር። የታመሙ ጉልበቶቻቸውን እየዘረጉ፥ ፊታቸውን እንደ ለቅሶ ቤት አክብደው፥ አንድ በአንድ ወደ ወንድሟ ይሄዱ ጀመር። «እግዜር ያጽናህ» ይሉታል፤ «የናት ነገር፤ ያጽናህ» ይሉታል፤ ትከሻውን ይነኩታል፤ ሬዲዮም በሁለት እጁ ጨበጠው። ወንድሟ ኮፍያውን በደረቱ ላይ እንደ ያዘ «አሜን፤ ክፉ አይንካችሁ» እያለ ለእያንዳንዱ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። የመንትዮቹ እናት ከበሩ ተነሥታ ወደ ፍራሽ ሰፊዋ መጣች፤ ሁለት አግዳሚ ያህል እስኪቀራት ድረስ መጣች፤ እዚያ ላይ ቆማ ወደ ሰዉ ዞር ብላ አየች፤ አቅጣጫዋንም ቀይራ ሄዳ ተሰለፈች።